ዳሽካሙ ሚሞሪ የሚበላው ለምንድን ነው?

ጥያቄው፦ «አይሱዙ ነው የምነዳው። ከቢቸናና ከደጀን ጤፍ ጭኜ አዲስ አበባ እህል በረንዳ አራግፋለሁ። ፊትና ኋላ የሚቀርጽ የመኪና ካሜራ፣ ዳሽካም የሚሉትን፣ ካስገጠምኩ ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ እስካሁን ሦስት ሚሞሪ በላ። ባለፈው አባይ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ አንድ መኪና ሲቀድመኝ የጎን መስታወቴን ገጭቶ ሄደ። ትራፊክ ፊት ቪዲዮውን ልከፍት ስል የፋይሉ ስም አለ፣ ግን አይከፈትም። ሚሞሪው 128 ጊጋ ነው፤ በርካሽ ነው የገዛሁት። አሁን ውዱንና ፈጣኑን ልግዛ? ስንት ጊጋ ይበቃል? ወይስ ጥፋቱ የካሜራው ነው?»

መልስ፦ እንኳን በመስታወት ብቻ አለፈ። ከደጀን ቁልቁል ጭነት ይዞ አባይ በረሃ የወረደ ሰው ይህን የሚለው ለወግ አይደለም።

ደብረ ማርቆስ ላይ ስልክና ካሜራ እጠግናለሁ፣ ከተበላሸ ሚሞሪም ፋይል አወጣለሁ። የእርስዎን ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሾፌር ብዙ ነው። አብዛኛው የሚመጣው ከግጭት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ እኔ የምችለው ትንሽ ይሆናል። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልዎ።

አጭሩን ላስቀድም። ውድና ፈጣን ሚሞሪ አያስፈልግዎትም። በላዩ «ኢንዱራንስ» (ጽናት፣ ማለትም ሳያቋርጡ ቢጽፉበት የሚችል) የሚል ቃል የተጻፈበት፣ 128 ጊጋ የሆነ፣ ከመግጠምዎ በፊት ጢም ብሎ እስኪሞላ የፈተሹት ካርድ ይግዙ። ካሜራውን ገና አይክሰሱት። አሁን የያዙትን ሚሞሪ ግን ፎርጅድ ነው ብዬ ጠርጥሬዋለሁ። ቢሆንም እንዳይጥሉት፣ ፎርማትም እንዳያደርጉት፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ።

ስልክዎ ውስጥ ያለው ሚሞሪ እንደ ጎተራ ነው። ፎቶውና ዘፈኑ አንዴ ይገባል፣ ተቀምጦ ይከርማል። ዳሽካም ውስጥ የገባ ሚሞሪ ግን የወፍጮ ድንጋይ ነው። ሞተሩ ከተነሳ ጀምሮ ሲጽፍ ይውላል፤ ሲሞላ የቆየውን አጥፍቶ በቦታው ይጽፋል፤ እንደገና ይሞላል፣ እንደገና ያጠፋል። ድንጋይ ደግሞ ያልቃል። መረጃው የሚቀመጠው በዓይን በማይታዩ ህዋሶች ውስጥ በታሰረ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፤ እያንዳንዱ ማጥፋትና መጻፍ ያንን ቻርጅ አፍኖ የሚይዘውን ስስ ሽፋን በትንሽ በትንሹ ይጎዳዋል። ርካሹ ሚሞሪ በአንዷ ህዋስ ውስጥ 3 ወይም 4 ቢት (የመረጃ ትንሿ ቅንጣት) ያጭቃል፤ በዚህ ቦታው ይሰፋል፣ ዕድሜው ያጥራል። እንደ አሠራሩ ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ጊዜ ተሞልቶ ከጠፋ በኋላ ይደክማል።

አሁን የእርስዎን መኪና እናስላው። የተለመደው ፉል ኤችዲ ካሜራ በሰከንድ 15 ሜጋቢት ያህል ይጽፋል፤ 8 ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ስለሆነ በሰዓት 6.75 ጊጋ መሆኑ ነው። የኋላውም እኩል ይጽፋል ብንል 13.5 ጊጋ። በቀን 10 ሰዓት ቢነዱ 135 ጊጋ ሆነ። የገጠሙት ሚሞሪ 32 ጊጋ ቢሆን በአንድ ቀን ከ4 ጊዜ በላይ ሞልቶ ይጠፋል፤ 128 ቢሆን አንዴ። በዓመት 300 ቀን ቢሠሩ ትንሹ ከ1,200 ጊዜ በላይ ተፈጭቷል፣ ትልቁ ከ300 ብዙም አላለፈ። ካሜራው ያው፣ መንገዱም ያው ነው። ትልቅ ሚሞሪ ብዙ ቪዲዮ ለማስቀመጥ ብቻ የሚገዛ ይመስለናል፤ ለዳሽካም ግን ትልቁ ጥቅሙ ሥራው በብዙ ህዋስ ላይ መከፋፈሉ ነው። አንድ ጥማድ በሬ ብቻ ሲያርሱበት መዋልና አራት ጥማድ አፈራርቆ መጥመድ እንደማለት ነው።

ፍጥነት ላይ ገንዘብዎን አይጨርሱ። ማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው 100፣ 150፣ 170 ሜጋባይት የማንበቢያ ፍጥነት ነው፤ ቪዲዮውን ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጡ ከመጠበቅ ያድንዎታል እንጂ መንገድ ላይ አይጠቅምም። ካሜራዎ የሚፈልገው የመጻፊያ ፍጥነት ነው፤ እሱም የፊትና የኋላው ተደምሮ በሰከንድ 4 ሜጋባይት አይሞላም። በሰከንድ 60 ሜጋቢት የሚጽፍ 4ኬ ካሜራ እንኳ 7.5 ሜጋባይት ነው የሚፈልገው። ካርዱ ላይ ሲ በምትመስል ክብ ውስጥ 10 ቁጥር ካለ ቢያንስ 10 ሜጋባይት ሳያቋርጥ ይጽፋል ማለት ነው። አፏ እንደተከፈተ ባልዲ በምትመስለው ዩ ውስጥ 3 ቁጥር ካለ፣ ወይም ቪ30 የሚል ካለ፣ 30 ሜጋባይት ነው፤ ይህ ለእርስዎ ከበቂ በላይ ነው። ኤ1 እና ኤ2 የሚሉት ምልክቶች ስልኩ ላይ አፕ ለሚጭን ሰው የተደረጉ ናቸው፤ ለእነሱ ብለው አንድ ብር አይጨምሩ።

የኢንዱራንስ ካርድ በብዙ ፋብሪካ ይሠራል። ሳንዲስክ «ሃይ ኢንዱራንስ» እና «ማክስ ኢንዱራንስ» የሚላቸው አሉት፤ ሳምሰንግ «ፕሮ ኢንዱራንስ» አለው፤ ኪንግስተንና ትራንሴንድም ያመርታሉ። ዕድሜያቸው የሚነገረው በሰዓት ነው፤ ሳንዲስክም ሳምሰንግም የሚያሰሉት በሰከንድ 26 ሜጋቢት ሲጻፍባቸው ነው። በዚህ ልክ የ128 ጊጋው ሃይ ኢንዱራንስ 10,000 ሰዓት፣ ማክስ ኢንዱራንስ 60,000 ሰዓት፣ የአሁኑ ፕሮ ኢንዱራንስ ደግሞ 70,000 ሰዓት ይደርሳል ይባላል። የእርስዎ ሁለት ካሜራ ተደምሮ 30 ሜጋቢት ስለሚሆን ትንሽ ይቀንሱለት። በዓመት 3,000 ሰዓት ለሚነዳ ሰው የመጀመሪያው ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ያልቃል፤ የቀሩት ሁለቱ ካሜራው ካረጀ በኋላም ይኖራሉ። ይህ የፋብሪካ ቁጥር ነው፤ የእኛ ሙቀት፣ የእኛ ኮረኮንችና የሚቆራረጥ ኤሌክትሪክ አልገባበትም። እኔ ለደንበኛ ስመክር ግማሹን ብቻ ነው የምቆጥረው። በግማሹም ቢሆን ተራውን ሚሞሪ በየአራት ወሩ ከመግዛት ይረክሳል። ተራ ካርድ የሚያመርቱት ፋብሪካዎች ራሳቸው እኮ ብዙዎቹ ዋስትናው ላይ «ዳሽካም ውስጥ ከገባ አይመለከተንም» ብለው ጽፈዋል።

ይህ ሁሉ ግን ካርዱ እውነተኛ ከሆነ ነው።

ፎርጅድ ሚሞሪ እንዴት እንደሚያታልል ይወቁት። ውስጡ ያለው ትክክለኛ ቦታ 8 ወይም 16 ወይም 32 ጊጋ ነው፤ የሚቆጣጠረው ጥቃቅን ቺፕ ግን 128 ነኝ ብሎ እንዲዋሽ ተደርጎ ተሠርቷል። ስልክም ኮምፒውተርም ጠይቆ የሚነግረውን ያምናል። እውነተኛው ቦታ እስኪሞላ ሁሉም ነገር ደህና ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፋይል ስሙ ይመዘገባል፣ መጠኑም ይጻፋል፤ ይዘቱ ግን የሚገባበት ቦታ የለውም፤ ወይ ይጠፋል ወይ በሌላው ላይ ይጻፋል። ስሙ አለ፣ ግን አይከፈትም ያሉኝ እዚህ ጋ ነው የሚገጥመው።

በቅርቡ አንድ ወጣት ሾፌር አዲስ 128 ጊጋ አመጣልኝ፤ ማሸጊያው ያምራል፣ ጽሑፉም ጥርት ያለ ነው። ላፕቶፑ ላይ ሰክተን ኤችቱቴስትደብልዩ (H2testw) በሚባለው ነጻ ፕሮግራም መሙላት ጀመርን። ይህ ፕሮግራም ካርዱን በራሱ ፋይሎች ጢም አድርጎ ይሞላና ከዚያ አንድ በአንድ መልሶ እያነበበ የጻፈው መኖሩን ያረጋግጣል። መሙላቱ ያለ ምንም ችግር አለቀ፤ ልጁም ፊቱ በራ። ማንበቡ ሲጀመር 14 ጊጋ ላይ ሲደርስ ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ባዶ ነበር። በዚህ ካርድ መንገድ ቢወጣ ኖሮ ደጀን ሳይደርስ ካሜራው ላይ ቀዩ መብራት ብልጭ ብልጭ እያለ ምንም አይቀዳም ነበር።

እርስዎ ጤፍ ሲጭኑ ኩንታሉን በዓይን አይተው አይቀበሉም፤ ሚዛን ላይ ይወጣል። ሚሞሪም እንዲሁ ነው። ሲገዙ ሻጩን «ፈትሼው ካልሆነ እመልሳለሁ» ብለው ይዋዋሉ፣ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ በዚህ የማይስማማ ካለ ሌላ ሱቅ ይሂዱ። 128 ጊጋውን መሙላት ብቻ በሰከንድ 20 ሜጋባይት ሲጻፍ ወደ ሁለት ሰዓት ይጠጋል፤ መልሶ ማንበቡም አለ። መብራት መሃል ላይ ቢሄድ ልፋትዎ ከንቱ እንዳይሆን ባትሪው ደህና በሆነ ላፕቶፕ ያድርጉት። ሊኑክስ ወይም ማክ ያለው ሰው ኤፍ3 (F3) የሚባለውን ይጠቀም። አንድ ነገር ግን አያስደንግጥዎ፦ ትክክለኛ 128 ጊጋ ዊንዶውስ ላይ 119 ገደማ ሆኖ ይታያል። ኮምፒውተሩ ጊጋውን የሚቆጥረው በ1,024 እያባዛ፣ ፋብሪካው ደግሞ በ1,000 ስለሆነ ነው እንጂ የጎደለ ነገር የለም።

ወደ ካሜራው እንምጣ፤ ጥፋት ሁሉ የሚሞሪ አይደለምና።

አይሱዙዎ 24 ቮልት ከሆነ፣ አብዛኞቹም ናቸው፣ ላይተሩ (የሲጋራ ማቀጣጠያው ሶኬት) ላይ የሰኩት ቻርጀር ጀርባው ላይ 12–24 ቮልት የሚል ይኑረው። ለቤት መኪና የተሠራ የ12 ቮልት ቻርጀር ጭነት መኪና ላይ ይሞቃል፣ በመጨረሻም ሊቃጠል ይችላል። ላይተሩ ራሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ኮረኮንች ላይ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ሶኬቱ ለአፍታ ይለቃል፤ ካሜራው እየጻፈ ሳለ ኃይል ይቋረጥበታል፣ የያዘው ፋይልም ሳይዘጋ ይቀራል። ይህ ከሚሞሪው ዕድሜ ይልቅ ፋይሉን ነው የሚገድለው፤ ግን ሾፌሩ ሁሌም ሚሞሪውን ይረግማል። ደህና የመኪና ኤሌክትሪሺያን 24ቱን ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ መቀነሻ በፊውዝ አድርጎ ከቁልፉ ጋር ቢያያይዝልዎ ይገላገላሉ።

ሙቀቱን በተመለከተ ደህናው ካርድ ከዜሮ በታች 25 እስከ 85 ዲግሪ ይሠራል። ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ካሜራዎ ከደጋ ቆላ ወርዶ ደጋ ይመለሳል፤ እሱን ይችለዋል። የሚጎዳው ሌላ ነው፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ መስኮቱን ዘግተው ፀሐይ ላይ ሲያቆሙት የመስታወቱ አካባቢ 70 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ በዚያ ላይ ካሜራው የራሱ ሙቀት አለው። ርካሽ ካሜራዎች ውስጣቸው ትንሽ የሊቲየም ባትሪ አላቸው፣ ሙቀት ያሳብጣቸዋል። ስክሪኑ ከቅርፊቱ ተነስቶ እንደሆነ በጣትዎ ጠርዙን ዳሰስ ያድርጉት። ከተነሳ ባትሪው አብጧል፤ አይጠቀሙበት። ባትሪው የመጨረሻውን ፋይል ለመዝጊያ የምትሆን ትንሽ ኃይል ነው የሚሰጠው፤ ያ ከሌለ ሞተር ባጠፉ ቁጥር አንድ ፋይል ይበላሻል። ካሜራ የሚቀይሩ ከሆነ በባትሪ ምትክ ካፓሲተር (ኃይል ለአጭር ጊዜ የሚይዝ ዕቃ) ያለውን ይምረጡ፤ ሙቀትን ከባትሪ ይበልጥ ይችላል።

ጂ-ሴንሰር የሚሉትም አለ። መኪናው ሲመታ ግጭት ነው ብሎ ያንን ፋይል ይቆልፋል፣ እንዳይጠፋ። መልካም ነው። ነገር ግን ከፍተኛው ላይ ከተተወ ከገጠር መጋዘን ተነስተው አስፋልት እስኪገቡ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ ግጭት ብሎ ይቆጥረዋል። የተቆለፈው ፋይል አይደመሰስም፤ ይከማቻል። 128 ጊጋው ውስጥ 100ው በጉድጓድ ቪዲዮ ተሞልቶ፣ ካሜራው በቀረችው ጥቂት ቦታ ላይ ቀኑን ሙሉ እየጻፈና እያጠፋ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ሰውየው ሚሞሪው ትልቅ መሆኑን አምኖ ተቀምጧል፤ በእውነት የሚሠራው ግን ከ30 ጊጋ በታች ነበር። ለጭነት መኪና ዝቅተኛው ላይ ያድርጉት፤ እውነተኛ ነገር ሲፈጠር ካሜራው ላይ ያለውን ፋይል መቆለፊያ ራስዎ ይጫኑ።

ከመግዛትዎ በፊት የካሜራውን መመሪያ አይተው እስከ ስንት ጊጋ እንደሚቀበል ያረጋግጡ። የቆዩት 32 ላይ ይቆማሉ፤ ከዚያ በላይ ያለው ካርድ በሌላ ዓይነት ፎርማት ስለሚመጣ አያነቡትም። 256 የሚቀበል ከሆነና አቅም ካለዎት 256 ይግዙ፤ በእርስዎ አነዳድ 128ቱ የሚይዘው የ9 ሰዓት ተኩል ያህል ቪዲዮ ነው፤ ማለዳ ቢቸና የሆነው ነገር ማታ አዲስ አበባ ሲደርሱ ሊጠፋ ይችላል።

ከገጠሙት በኋላ በወር አንዴ ካሜራው ራሱ ላይ ፎርማት ያድርጉት፣ የሚፈልጉትን አስቀድመው ገልብጠው። የአንዱን ፋይል ርዝመት 1 ደቂቃ ያድርጉት፤ ኃይል ቢቋረጥ የሚያጡት አንድ ደቂቃ ብቻ ይሆናል። ሌላው ትልቁ ነገር፣ እባክዎ፣ በሳምንት አንዴ የትናንቱን ቪዲዮ ከፍተው ይዩት። ቀዩ መብራት መብራቱ መቅዳቱን አያረጋግጥም። ቪዲዮው መሃል ላይ የሚዘል ከሆነ፣ ካሜራው በራሱ እየጠፋ የሚበራ ከሆነ፣ ወይም ፎርማት አድርገው የድሮው ፋይል መልሶ ከመጣ፣ ሚሞሪው ተዳክሟል። በተለይ የመጨረሻው ቁርጥ ነው፤ ያለቀ ሚሞሪ ራሱን ቆልፎ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም።

አሁን ወደ መስታወትዎ ጉዳይ። ያንን ካርድ ከካሜራው ያውጡት፣ መልሰው አይክተቱት። ትልቁ አዳፕተር ውስጥ አስገብተው በጎኑ ያለችውን ትንሿን መቆለፊያ ወደ ታች ይሳቡና ኮምፒውተር ላይ ይሰኩት፤ እንዲህ ከሆነ ኮምፒውተሩ በስህተት አይጽፍበትም። ከዚያ ፋይሎቹን በሰዓት ቅደም ተከተል ደርድረው አንድ በአንድ ይክፈቱ። የማይከፈተው የግጭቱ ፋይል ብቻ ሆኖ ከፊቱና ከኋላው ያሉት ደህና ከሆኑ፣ ተስፋ አለዎት። የዚህ ዓይነት ቪዲዮ መክፈቻ ማውጫው የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው፤ ምናልባት በግጭቱ ቅጽበት ላይተሩ ለቆ ማውጫው ሳይጻፍ ቀርቶ ይሆናል፣ ምስሉ ግን ውስጡ አለ። ከዚያው ካሜራ ላይ ደህና የሆነ ሌላ ፋይል ካለ በእሱ ልክ ማውጫውን መልሶ መሥራት ይቻላል፤ ፋይል የሚያወጣ ባለሙያ ጋ ሁለቱንም ይዘው ይሂዱ።

ከአንድ ቦታ ወዲያ ያሉት ፋይሎች በሙሉ የማይከፈቱ ከሆነ ግን ካርዱ ፎርጅድ ሳይሆን አይቀርም። ያልተጻፈ ነገር በምንም ፕሮግራም አይወጣም፤ ማንም «አወጣልዎታለሁ» ብሎ ገንዘብ ቢጠይቅዎት አይስጡ።

ከላይ የነገርኩዎትን የመሙላት ፈተና በዚህ ካርድ ላይ አሁን አያድርጉት፤ ባዶ የሚመስለውን ቦታ ሁሉ ስለሚሞላው የተረፈውን ያጠፋብዎታል። መጀመሪያ ያለውን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ይገልብጡ፣ የግጭቱን ፋይል ያስመርምሩ፤ መፈተሹ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።